የሦስተኛው ዘበኛ ከንፈር

እሁድ፣ ለመክፈቻው 40 ቀን ሲቀረው

ይህን ደብተር የጀመርኩት ወድጄ አይደለም፤ የቤት ሥራ ነው። «የመድረክ ሰው ራሱን እንዴት ይሸጣል» የሚባለውን የሦስት ቀን ሥልጠና ዛሬ ጨረስኩ። አሠልጣኙ ጆሮው ላይ ተሰክታ እስከ አፉ የምትደርስ ቀጭን ማይክ አለችው፤ እኛ ግን አሥራ አንድ ሰዎች ነን፣ ክፍሉም ከእኔ ሳሎን እምብዛም አይሰፋም። «ምርቱ አንተ ነህ! ሻጩ አንተ ነህ! ሥራ አስኪያጁም አንተ ነህ!» እያለ ጮኸብን። ገዢውስ ማነው ልለው ነበር፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እኔም አጨበጨብኩ።

በየቀኑ ጻፉ ብሎናል። ያየኸውን፣ ያሰብከውን፣ ያሻሻልከውን። እሺ።

ማን ነኝ? ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ቴአትር ቤት ከገባሁ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመት አስታዋሽ ነበርኩ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ በሹክሹክታ አቀብላለሁ። በኋላ የሥራ መደቡ ተሰረዘና «ቁመትህ ደህና ነው» ብለው ጦር አስያዙኝ። ከዚያ ወዲህ ዘበኛ ነኝ። ሲሻል መልእክተኛ፣ ሲብስ አስከሬን።

ሥልጠናው ሲያልቅ ቅጽ ሰጡን። «በአንድ ቃል ማን ነህ?» ይላል። ከጎኔ የነበረችው ዳንሰኛ «እሳት» ብላ ጻፈች። ጊታር ተጫዋቹ «ማዕበል» አለ። እኔ «ሦስተኛ ዘበኛ» ልል ነበር፤ ሁለት ቃል ሆነብኝ። ባዶውን ይዤው መጣሁ።

ሚስቴን ጠየቅኳት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሰው ስታይ በዓይኗ ትለካለች። ስፒሎቹን ከአፏ ሳታወጣ «ጠባብ» አለችኝ።

«ጠባብ?»

«ትከሻህን ነው እንጂ። ሌላህ ምንም አይልም።»

ማክሰኞ፣ 38 ቀን

የአዲሱ ቴአትር ልምምድ። አንዲት ንግሥት ሦስት ልጆቿን ችሎት አቁማ ትፈርዳለች። ንግሥቲቱ እትዬ ናቸው፤ ሌላ ማን ሊሆን? አርባ ዓመት መድረክ ላይ የቆሙ ሴት ናቸው። ከሥራ አስኪያጁ እስከ መብራት ሠራተኛው ድረስ «እትዬ» እንጂ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ዘበኞቹ ሦስት ነን። ሁለተኛው ሸንበቆ ነው፤ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ያወጣንለት ስም ነው። ቆሞ፣ ዓይኑን ገልጦ መተኛት ይችላል። ይህን ከዘበኞች በቀር የሚያውቅ የለም።

አዘጋጁ እኔን በሩ ላይ አቆመኝ። እትዬ ከዙፋናቸው ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ያ ልጅ እዚያ ምን ይሠራል? ፊት ለፊቴ ይምጣ።»

«እትዬ፣ ዘበኛ እኮ በር ነው የሚጠብቀው።»

«እንግዲያው በሩን አምጡት።»

በሩ መጣ። አናጢዎቹ እኔ ያዘዝኩ ይመስል ከሰዓቱን ሙሉ ሲሰድቡኝ ዋሉ።

ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። አምና አስከሬን ሆኜ ስጋደም «ፊቱን ወደ እኔ አዙሩት» ብለው ነበር። ትዕይንቱ እስኪያልቅ ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሱም። አሠልጣኙ «የሚያይህን ሰው ለይተህ እወቅ» ብሏል። እንግዲህ ለየሁ። ተሰጥኦ ተሰጥኦን ያውቀዋል መሰለኝ።

ሐሙስ፣ 36 ቀን

አሠልጣኙ ደወለ። «ደንበኛ እንደሚያይህ ራስህን እይ፤ ልምምድህን አስቀርጽ» አለኝ። ሸንበቆን ለመንኩት። «ካልተኛሁ እቀርጽልሃለሁ» አለ።

ቅዳሜ፣ 34 ቀን

አፈርኩ። በቁሜ አፈርኩ።

ቪዲዮውን ከሚስቴ ጋር ተቀምጠን አየነው። ጦር ይዤ ቆሜያለሁ፤ አቋሜ እንኳ ደህና ነው። ግን ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለውም፤ እንዲሁ ይንቀሳቀሳል። ንግሥቲቱ ስትናገር ከሷ ጋር፣ ልጆቿ ሲመልሱ ከነሱ ጋር፣ ሟርተኛዋ ስታሟርት ከሟርተኛዋ ጋር! አርባ ደቂቃ ሙሉ አንዲት ቃል ሳልዘል የሰውን ሁሉ ቃል ስበላ ውያለሁ።

ሚስቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ከወንበሩ ወረደች።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ቤትም እኮ ታደርገዋለህ! እኔ ስናገር አብረኸኝ ትናገራለህ። እናቴማ ሁልጊዜ የሚጸልይ ባል አገኘሽ ብላ ስንት ዓመት መርቃኛለች።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሰው የሚያዳምጠኝ መስሎኝ።»

የአስታዋሽነቴ ጣጣ ነው። ሁለት ዓመት የሰው ቃል በከንፈር ይዤ ስጠብቅ ኖርኩ፤ ሥራው ሲቀር ከንፈሬ አልተነገረውም። ታዲያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ ሹክ አይለኝም? እትዬም ያን ያህል የሚያፈጡብኝ ለዚህ ነው ማለት ነው። ጉዴን እያዩ ነበራ! እኔ ደግሞ ተሰጥኦ፣ ተሰጥኦ እላለሁ። አይ ሰው መሆን።

ሰኞ፣ 32 ቀን

ለአሠልጣኙ ቪዲዮውን ላክሁለት። ይስቅብኛል ስል «ወንድሜ፣ ወርቅ ላይ ቆመሃል!» አለኝ። አንዲት የታወቀች ፕሮዲዩሰር ለአዲስ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሰው ትፈልጋለች። ገጸ ባሕሪው «ዝምተኛው» ይባላል። አሥራ ሁለት ክፍል ሙሉ ቃል አይተነፍስም፤ ፊቱ አይንቀሳቀስም፤ ግን ሲገባ ሰው ሁሉ ይርዳል። ቁመት ያለው፣ ያልታወቀ ተዋናይ ነው የምትሻው። የመክፈቻችን ዕለት መጥታ እንድታየኝ ሊያደርግ ቃል ገባልኝ።

«ያንን ከንፈር ብቻ ዝጋልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ብራንድህ ጸጥታ ነው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም!»

ስም ያለው ገጸ ባሕሪ! አሥራ አራት ዓመት ስጠብቅ የኖርኩት ይሄንን ነው። ለሚስቴ ስነግራት ጨርቁን አስቀምጣ ግንባሬን ሳመችኝ። «ዝምተኛው» ከራሱ ልብስ ጋር ነው ወይስ ይሰፋለታል ብላም ጠየቀች።

ረቡዕ፣ 30 ቀን

ከረሜላ ምላሴ ሥር አድርጌ ሞከርኩ። በችሎቱ መሀል ትን አለኝ። ሳሌ ንግሥቲቱ ከፈረደችው ፍርድ በላይ ተሰማ።

ዓርብ፣ 28 ቀን

የካፖርት ቁልፍ በጥርሴ ነክሼ ቆምኩ። ግሩም ዘዴ ነው፤ ከንፈር ፍንክች አይልም። እስክውጠው ድረስ።

ሚስቴ ስለ ሆዴ አልጠየቀችም። «የደንበኛ ካፖርት ነው! ጓደኛውን አሁን ከየት አገኛለሁ?» አለች።

ማክሰኞ፣ 24 ቀን

መላ ዘየድኩ። ሜካፕ ሠሪዋን ለምኜ ትልቅ ፂም አስለጠፍኩ፤ ከንፈሬን እንደ መጋረጃ የሚሸፍን። በመስታወት ሳየው ራሴን ፈራሁት።

እትዬ ገና ከዙፋኑ ላይ ሆነው እንዳዩኝ ልምምዱን አስቆሙ። «ይሄን መጥረጊያ ከልጁ ፊት ላይ አንሱልኝ!»

አዘጋጁ «እትዬ፣ ግርማ ሞገስ ሰጠው እኮ» ቢላቸው «ግርማ ሞገሱን ቤቱ ይውሰደው» አሉ። ተላጠ። ሙጫው የላይኛውን ከንፈሬን ቆዳ ይዞት ሄደ።

ይሄ ምቀኝነት ነው ብል ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን? አርባ ዓመት የነገሡ ሴት የአንድ ዘበኛ ፂም ዓይናቸው ይገባል? ሁልጊዜም እንዲህ ናቸው። ሰው ከጎናቸው ሆኖ ሲያወራቸው «ፊትህን አዙረህ አናግረኝ» ብለው ይቆጣሉ። ክብር ወዳድ ናቸው።

ቅዳሜ፣ 20 ቀን

ቻልኩ! ያለ ከረሜላ፣ ያለ ቁልፍ፣ ያለ ፂም። ጥርሴን ገጥሜ ከመቶ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። ሸንበቆ «ሞተህ ነው?» አለኝ። እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ሌላ ነገር፦ እትዬ በችሎቱ ንግግር መሀል ድንገት ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ። ዓይናቸው እኔ ላይ። እኔ ደግሞ ድንጋይ። አዘጋጁ እያጨበጨበ ተነሣ፤ «ያቺን ዝምታ ያዙልኝ! እንዴት ያለች ዝምታ ናት!» እትዬ ግን ምስጋናውን የሰሙት አይመስሉም።

ሰኞ፣ 18 ቀን

እትዬ ሦስት ቦታ ዝም አሉ። አዘጋጁ ሁለተኛዋ ላይ አላጨበጨበም።

ማክሰኞ፣ 17 ቀን

አምስት ቦታ።

ረቡዕ፣ 16 ቀን

በልብስ መቀየሪያው ኮሪደር እትዬ ያዙኝ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፤ ጥርስ ሐኪም ያየኝ መሰለኝ።

«ልጄ፣ ጥርስህን አሞሃል እንዴ?»

«አይ እትዬ፣ ደህና ነኝ።»

«ከንፈርህ ምን ሆነ ታዲያ?»

ደስ አለኝ። ጉዴን ያዩ ሰው መዳኔንም አዩልኝ! «ተገላገልኩት እትዬ» አልኳቸው። «መጥፎ ልማድ ነበር። ጠንክሬ ሠራሁበትና ተውኩት።»

ትንሽ አዩኝ። «ጎበዝ» አሉ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ውሃ ላምጣልዎ ብላቸው አልመለሱልኝም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የምስጋናው ነገር አልጣመኝም።

ዓርብ፣ 14 ቀን

ጆሮዬን ምነው በደፈነው። መጸዳጃ ቤት ሆኜ አዘጋጁና ሥራ አስኪያጁ ውጭ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ረሱ። በቃ ረሱ። ዕድሜ ነው።»

«ትኬቱ የሚሸጠው በሳቸው ስም ነው እኮ።»

«ልዕልቷን የምትጫወተው ልጅ የንግሥቲቱን ቃል በሙሉ አጥንታለች። ልብሱም ልኳ ነው። እስከ መክፈቻው እንያቸው። ካልሆነ አበባና ሰርተፊኬት ሰጥተን በክብር እንሸኛቸዋለን።»

አበባና ሰርተፊኬት! እኔም ከሥልጠናው ያገኘሁት ሰርተፊኬት አለኝ፤ ምን እንደሚያክል አውቃለሁ። ያሳዝናሉ። ቤታቸው ሄደው ምን ይሠራሉ? ልጅ የላቸው፣ ባል የላቸው። መቼም ዕድሜ ክፉ ነው። እኔ ግን ምን ላድርግ? የራሴን ምርት መጠበቅ አለብኝ።

ሰኞ፣ 11 ቀን

ሚስቴ የዘበኞቹን ካባ ትከሻ ልታሰፋ ቴአትር ቤት መጣች። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣ ልምምዱን አየች። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ቆመች።

«እሳቸው ቃል ሲጠፋቸው የት እንደሚያዩ አይተሃል?»

«እኔን ነው። ሁልጊዜ ያፈጡብኛል።»

«አንተን አይደለም። አፍህን ነው።»

«እና?»

«እና ነዋ! አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ከዘጋህ ስንት ሳምንትህ ነው? እሳቸውስ መርሳት ከጀመሩ?»

ተናደድኩ። አንቺ ጨርቅ ለኪ፣ መድረክን ለኛ ተዪው አልኳት። እስከ ቤት ሦስት እርምጃ ቀድማኝ ሄደች። ራት ስትሰጠኝም በጀርባዋ ነው።

አይሆንም። አርባ ዓመት የሠሩ ሴት ከሦስተኛ ዘበኛ ከንፈር ቃል ይለቅማሉ? ተረት ነው። ግን ፂሙ... በሩ... አስከሬኑ... አይ፣ ተረት ነው።

ረቡዕ፣ 9 ቀን

ሙከራ አደረግሁ። ምነው እጄን በቆረጠው፤ ከንፈሬን ማለቴ ነው።

ሚስቴ ተሳስታለች ብዬ አፏን ላዘጋት ነው የፈለግሁት። እትዬ በችሎቱ መሀል ቃል ጠፋቸው፤ ወደኔ አዩ። ትክክለኛውን ቃል ብሰጣቸውና ቢናገሩት፣ ራሳቸው አስታውሰውት ይሆናል፤ በምን አውቃለሁ? ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት ከሠራነው አስቂኝ ቴአትር አንድ ዐረፍተ ነገር አንስቼ ያለ ድምፅ በከንፈሬ ብቻ አልኩ።

ንግሥቲቱ ከዙፋኗ ተነሥታ፣ በትረ መንግሥቷን ዘርግታ፣ አዳራሹን በሚያናውጥ ድምፅ «ማነው ዶሮዎቹን የለቀቃቸው?» አለች።

ልጆቿ ተያዩ። ሟርተኛዋ ወደ መውጫው አየች። ሸንበቆ እንኳ ነቃ።

አዘጋጁ እስክሪብቶውን ጣለ። «እትዬ... ምን ዶሮ?»

እትዬ እኔን አዩኝ። ማወቄን አወቁ። እንዲያ ያለ ፊት ሁለተኛ እንዳላይ።

ያው ረቡዕ ነው፣ አልጨረስኩም

ልብስ መቀየሪያቸው ሄድኩ። መሬት ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፤ አቀርቅሬ ስለነበር «ፊትህን አዙረህ አናግረኝ» አሉ። ያኔ ነው የገባኝ። ክብር አልነበረም። ጆሯቸው ነው። አንደኛው ከናካቴው፣ ሌላውም በግማሽ።

«ሰው የሚናገረውን ከአፉ ካነበብኩ ስድስት ዓመቴ» አሉኝ። «ቃል መጥፋቱ ግን ሁለት ዓመቱ ነው። ንግግሩ ሁሉ አለ እኮ! እንደ ክር ነው፤ ጫፉ ነው የሚጠፋኝ። የመጀመሪያዋን ቃል ካገኘሁ ሌላው ራሱ ይመጣል። አንድ ቀን ቢጨንቀኝ አንድ ዘበኛ ላይ ዓይኔ አረፈ፤ ጫፉ ከንፈሩ ላይ አለ። ከዚያ ወዲህ አንተን ፊት ለፊቴ እያቆምኩ ሠራሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ማወቅህ ከንፈርህ ላይ ይታያል። ሳታውቀው ነበር ያማረው።»

የጆሮ ማዳመጫ እናስገባ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሰው ይናገርልዎ አልኩ። ሳቁብኝ። «ጆሮዬ ቢሰማ ከንፈርህን ምን እሠራበት ነበር?»

ስለ ፕሮዲዩሰሯ ነገርኳቸው፤ ስለ «ዝምተኛው»። አፌን እያዩ አዳመጡኝ። ከዚያ ዘውዳቸውን ሳጥን ውስጥ አስቀመጡ።

«አልለምንህም። እኔም በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ሰው ጠርቶኝ ነበር፤ የሚያስቀረኝ ሰው አልነበረኝምና ሄድኩ። አንተም ዕድልህ ነው። ስለ ዶሮዎቹ ግን እስክሞት አልረሳልህም።»

ለመርሳት ለመርሳት ይህን ቢረሱልኝ ምን ነበረበት።

ሐሙስ፣ 8 ቀን

ለሚስቴ ነገርኳት። «አላልኩህም?» አላለችኝም። ይሄ ከሁሉ ይልቅ አስጨነቀኝ።

ዓርብ፣ 7 ቀን

ስለ ጆሯቸው ሳላነሣ፣ ነገሩን በሌላ ሰው አስመስዬ አሠልጣኙን አማከርኩት። «አንድ ወዳጄ አለ» አልኩ። «ወዳጅህ ሞኝ ነው» አለኝ። «የራሱን ብርሃን ለሌላ የሚያበድር ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ፕሮዲዩሰሯ ሁለተኛ ረድፍ፣ መሀል ላይ ትቀመጣለች። ጸጥታ!»

እሁድ፣ 5 ቀን

ሁለቱንም ለማስማማት፣ ከንፈሬን ዘግቼ ቃል ለማቀበል ሞከርኩ። በቅንድብ። በዓይን ሽፋሽፍት። በጦሩ ጫፍ። ሚስቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ «ምን አልኩ?» ስላት «አንጀትህን የቆረጠህ መሰለኝ» አለች።

ማክሰኞ፣ 3 ቀን

አዘጋጁ ልዕልቷን ለምትጫወተው ልጅ የንግሥቲቱን ካባ አስለካ። ልጅቷ ስትለካ አለቀሰች። «እትዬ ናቸው እኮ መራመድ ያስተማሩኝ» አለች። እትዬ አለፉ፤ አይተዋል። «እጅጌው ያጥርባታል» ብለው ሄዱ።

ሐሙስ፣ 1 ቀን

እንቅልፍ የለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። እኔ ግን የምጥለው የብብቴን አይደለም፤ የሰውን ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ማን አየኝ? አንድ ሰው፤ እትዬ። ያዩትም ከንፈሬን ነው። ያም ቢሆን አዩኝ። ደግሞ ያቺ ፕሮዲዩሰር ከፈረመችልኝ ሚስቴ የሰው ካፖርት መጠገን ትተዋለች። ራስ ወዳድ ነኝ? ነኝ። አሠልጣኙ ራስህን ውደድ ብሎ አስተማረኝ እኮ። ሦስት ቀን ሙሉ።

ዓርብ፣ ዛሬ፣ ልንገባ ነው

ፕሮዲዩሰሯ መጥታለች። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋት። ሁለተኛ ረድፍ፣ መሀል። አሠልጣኙ ከጎኗ ሆኖ ወደ መድረኩ እየጠቆመ ነው። ልዕልቷ ከካባዋ ሥር የንግሥቲቱን ካባ ለብሳለች፤ አዘጋጁ እረፍት ላይ ይወስናል። ወሰንኩ። አፌን እዘጋለሁ። እንኳን ከንፈሬ፣ ልቤም አይመታም።

ቅዳሜ፣ በማግስቱ

አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

የመጀመሪያው ገቢር ደህና ሄደ። እትዬ ሦስት ሳምንት ሌት ተቀን አጥንተዋል መሰለኝ፣ ሁለት ቦታ ብቻ ተንገዳግደው ራሳቸው ተነሡ። እኔ ድንጋይ ነበርኩ። ፕሮዲዩሰሯ ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ችሎቱ መጣ። ልጆቹ ተንበረከኩ። እትዬ ተነሡ፤ በትራቸውን ዘረጉ። ምንም የለም። ቆየ። አዳራሹ መጀመሪያ ትንፋሹን ዋጠ፣ ቆይቶ ወንበር ይንቋቋ ጀመር። በመጋረጃው ጥግ አዘጋጁ ሰዓቱን ሲያይ አየሁት።

እትዬ ወደኔ ዞሩ። ከንፈሬን ግን አላዩም። አውቀው አላዩትም። ዓይኔን ነው ያዩት፤ «አይዞህ፣ ዕድልህ ነው» እንደሚሉ ዓይነት። ምነው ከንፈሬን ባዩ ኖሮ! ያን ጊዜ ጨክኜ በዘጋሁት። ሊማጸኑኝ ሲገባ አጽናኑኝ። ይሄን ማን ይችለዋል?

«ዛሬ» አልኩ፤ ያለ ድምፅ፣ አፌን እንደ በር ከፍቼ።

አላዩም! አሁንም ዓይኔን ነው የሚያዩት። ስለዚህ ጦሩን መሬት ላይ መታሁት። ዘበኛ በችሎት መሀል ጦር አይመታም፤ አዘጋጁ ይገድለኛል። ዓይናቸው ወረደ። «ዛሬ» አልኩ ደግሜ።

«ዛሬ!» አሉ እትዬ፣ አዳራሹ እስኪናወጥ። «ዛሬ እዚህ የተቀመጠችው እናት አይደለችም። እናት ቤቷ ቀርታለች። ዛሬ የተቀመጠችው ዳኛ ናት!»

ከዚያ ማን ያቁማቸው? ማንስ እኔን ያቁመኝ? አራት ገጽ ንግግር አብረን ሄድን፣ እሳቸው በድምፅ፣ እኔ በከንፈር። ልጆቹንም ጨመርኩ፤ ሟርተኛዋንም አልተውኩ። ሦስት ሳምንት የታፈነ ከንፈር በአንዴ ተለቀቀ። ሰው እያለቀሰ ተነሥቶ አጨበጨበ። ልዕልቷ ቀድማ አለቀሰች፤ ሁለት ካባ ደራርባ ላቧ እየተንጠፈጠፈ።

ሲያልቅ አሠልጣኙ መልእክት ላከልኝ። «ዘበኛው ማስቲካ ያኝካል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጥፋቱ የራስህ ነው። አታውቀኝም፣ አላውቅህም።»

«ዝምተኛው»ን ግን አግኝታለች። «ያ ረጅሙ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዓይኑን ያልጨፈነው ማነው? እንዴት ያለ ራስን መግዛት ነው!» ብላለች። ሸንበቆን ሊነግሩት ሲሄዱ መቀስቀስ ነበረባቸው።

ስቄ ሞትኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ሳቅሁ። ሚስቴ ሁለቱንም ጊዜ አብራኝ ነበረች።

እትዬን በልብስ መቀየሪያቸው በር ላይ አገኘኋቸው። እቅፋቸው አበባ ነው፤ የመሸኛ አይደለም፣ ከተመልካች ነው። ብዙ ነገር ይሉኛል ብዬ ቆምኩ።

«በሦስተኛው ገጽ ላይ አንዲት ቃል ዘለልክብኝ» አሉ።

«የቷን?»

«"ምሕረት"ን። እኔ ነኝ ያስገባኋት።» እጃቸውን ጉንጬ ላይ አኖሩና ገቡ።

ረቡዕ፣ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ

ይህን ለማን እነግራለሁ? ለማንም። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ የሠራሁት ትልቁ ሥራ ነው፣ የሥራ ታሪኬ ላይ አንድ መስመር አይጻፍም። ቴአትር ቤቱ ውስጥ «የእትዬ አሽከር» የሚል ስም ወጥቶልኛል። ሸንበቆ ቢራ ጋበዘኝ፤ «ምስጢሩ ምንድነው ብለው ጋዜጠኞች ጠየቁኝ፣ ውስጣዊ ጸጥታ አልኳቸው» አለኝ። ቅጹ አሁንም ባዶ ነው። ሚስቴ ጀርባው ላይ የደንበኛ ወገብ ልክ ጽፋበታለች።

ዛሬ አዘጋጁ ቢሮው ጠራኝ። ጦሩን ስለመታሁት ነው ብዬ ይቅርታዬን አዘጋጅቼ ገባሁ። ወረቀት አሳየኝ። እትዬ ለሚቀጥለው ቴአትር የፈረሙት ውል ነው። ከታች በገዛ እጃቸው ጽፈውበታል፦ «ያ ልጅ ፊት ለፊቴ ይሁን። ፂም አይደረግለት።»

«ምን አድርገህላቸው ነው?» አለኝ።

«እኔ እንጃ።»

«የሚቀጥለው ቴአትር የሁለት ሰው ነው፤ እናትና ልጅ። ዘበኛ የለውም እትዬ አልኳቸው። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?»

አወቅሁ። ገና ሳይናገረው ከንፈሬ አብሮት ተንቀሳቀሰ።

«እንግዲያው ልጄ ይሁን።»

ጽሑፉን ይዤ ቤት ገባሁ። ስልሳ አንድ ገጽ ነው፤ ግማሹ የኔ። ሚስቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወረቀቱን ስታይ ቆየችና መብራቱን ወደኔ አስጠጋችልኝ። አንብብልኝ፣ ያንተን ክፍል ልስማው አለችኝ።

የኔን ነገ አጠናለሁ አልኳት። ከእሳቸው ክፍል ጀመርኩ።